አያ ይመርን የመለስኩ ዕለት

እኔ ቢስክሌት ጠጋኝ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ወዳጄ፣ በእጃቸው ያልነኩትን ነገር ከማያምኑት ወገን መሆኔን እንድታውቅልኝ ነው፤ ጎማ ከተነፈሰ የሆነ ቦታ እሾህ አለ፣ ካቴና ከጮኸ ዘይት ጠምቶታል፣ ፍሬን እምቢ ካለ ሽቦው ላልቷል፣ ከዚህ ውጭ ጂን ነው፣ ዛር ነው፣ የሙት መንፈስ ነው እያለ የሚመጣብኝን ሰው ሁሉ ስቄ ነው የምሸኘው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይህ ልጅ እኮ ምሳውን ካልጨረሰ ምሳ መብላቱንም አያምንም» እያለች ታማርርብኝ ነበር። እንግዲህ ነገሩ የደረሰው በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው፣ እመነኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ምን ብዬ እንደምጠግነው አላወቅሁም።

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው፣ እኔም ገና ጢም ያላወጣሁ ጎረምሳ ነበርኩ፣ ደሴ ውስጥ ቢስክሌት ከሚያከራይ አንድ ሰውዬ ዘንድ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ምግብ ቤት የከፈተ አንድ ጣሊያን ነበር፣ ይህ ሰው ወይን ይወዳል፣ መጠጡን ብቻ እንዳይመስልህ፣ ፍሬውንም ነው፣ ከነዘለላው በሳህን አድርጎ ለእንግዶቹ ካላቀረበ ቀኑ የዋለ አይመስለውም። ወይኑ የሚመጣው ከሐረጎ ወዲያ፣ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ከሚያየው ተረተር ላይ ነው፤ ሌላ ጣሊያን ከገበሬዎች ላይ መሬት ወስዶ እርከን በእርከን ወይን ተክሎበት ነበር። ታዲያ በካሚዮን የመጣ እንደሆነ በአዲሱ መንገድ ላይ ሲናጥ ውሎ ደሴ ሲደርስ ከሳጥኑ ሥር ጭማቂው ይንጠባጠባል። ስለዚህ በየቅዳሜው አሠሪዬ እኔን ይልከኛል፣ በቢስክሌት እሄዳለሁ፣ ሁለት ቅርጫት ሙሉ ከኋላ አስሬ ቀስ ብዬ አመጣለሁ።

ካሚዮኑ ሁሉ የሚርመሰመሰው በአዲሱ መንገድ ስለሆነ እኔ የምሄደው በድሮው የበቅሎ መንገድ ነው። እንዴት ደስ ይል እንደነበር ልነግርህ አልችልም። ሐረጎ ጫፍ ላይ ስትደርስ የኮምቦልቻ ሜዳ ከታች ተዘርግቶ ታየዋለህ፣ ቦርከና በመካከሉ ሲያበራ፣ ከዚያ ፔዳሉን ትተህ ቁልቁል ትለቀዋለህ፣ ከጎማው ሽውታ በቀር ምንም አይሰማም፣ አልፎ አልፎ አህያ የሚነዳ ሰው ታገኝና ሰላምታ ትሰጣለህ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ የወይን ሐረግ ይጀምርሃል። ደመወዜ ምንም አልነበረም፣ ለዚያች መንገድ ስል ግን በነጻም እሄድ ነበር።

የወይኑ ጠባቂ አያ ይመር ይባላሉ። ጠባቂ ስልህ፣ መሬቱ የራሳቸው ነበር፣ ተወሰደባቸውና እዚያው በገዛ መሬታቸው ላይ ጠባቂ ሆኑ፤ ይህን ሲያወሩ እንኳ ይስቃሉ። «ያው እኔው ነኝ የምጠብቀው፣ ድሮም እኔው፣ አሁንም እኔው» ይላሉ። እስላም ናቸው፣ መጠጥ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፣ ሐረጉን ግን ከልጅ በላይ ይንከባከቡታል፣ በቃጫ ያስሩታል፣ ያዋሩታል። አንድ ቀን ላናድዳቸው ብዬ፣

«አባቴ፣ ይህን ሁሉ ወይን ሲያለሙ አንዲት ጠብታ እንኳ አልቀመሱም?» ብላቸው፣

«እኔ የማውቃት ፍሬ ሳለች ነው» አሉኝ፤ «ከዚያ ወዲያ ያለውን ጉዷን እናንተው ታውቃላችሁ።»

ባለቤታቸው እማ ሀዋ ከጎጆው ውስጥ ሆነው ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ልጅ የላቸውም። እኔ ደግሞ አባቴን አላውቀውም፣ እናቴ ነፍሰ ጡር ሳለች ነው የሞተው። ይህን ለምን እንደነገርኩህ ኋላ ይገባሃል።

መመለሻው ነው እንግዲህ ችግሩ። ከወይኑ እስከ ሐረጎ ጫፍ ዳገት ነው፣ ሁለት ቅርጫት የጫነ ቢስክሌት መግፋት በሬ መጎተት ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን እያለከለክሁ ስገፋ ድንገት ቢስክሌቱ ቀለለኝ፣ ዞር ብል አያ ይመር ምርኩዛቸውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ በቀኝ እጃቸው ኮርቻውን ከኋላ ይገፋሉ።

«አባቴ፣ ምነው ይተዉ እንጂ!»

«ምን ነካህ፣ እንግዳ ብቻውን ይሄዳል እንዴ? ወላሂ ሰዉ ምን ይለኛል? አብሽር ልጄ፣ እኔ አለሁ ከኋላህ።»

መቼም በእኛ አገር እንግዳን ከደጅ አሰናብቶ መግባት ነውር ነው፣ ትሸኘዋለህ፣ እሱም «ይበቃል ተመለስ» ይልሃል፣ አንተም ቶሎ አትመለስም። አያ ይመር ዘንድ ግን ይህ ነገር ከአባቶቻቸው የወረደ ሥርዓት ነበረው። ሐረጎ ጫፍ ላይ አንዲት የጽድ ዛፍ አለች፣ እዚያ ስንደርስ «ይመለሱ አባቴ» እላቸዋለሁ፣ «ትንሽ ልራመድ» ይሉኛል። ሁለተኛ «ይመለሱ» እላለሁ፣ «እስከዚያች ድንጋይ ብቻ» ይላሉ። ሦስተኛው ላይ ቢስክሌቱን አቁሜ፣ ትከሻቸውን ይዤ፣ ፊታቸውን ወደ ቤታቸው አዙሬ፣ ትከሻቸውን ስሜ «በቃ ይመለሱ» እላለሁ። ያኔ ይመለሳሉ። እንግዳው በእጁ ሳያዞራቸው መመለስ እሳቸው ዘንድ እንግዳን ጥሎ እንደ መሄድ ነው።

ደግሞ ይቀልዱብኛል። «የመላሽ እጅ ይታወቃል» ይሉኛል፤ «ከልቡ የሆነ ትከሻህን ገፋ ያደርጋል፣ ለአፉ ያህል የሆነ ጨበጥ ያደርጋል። ያንተ ዛሬ ጨበጠኝ፣ ልመለስ ወይስ ደሴ ልምጣ?» እኔም አፍሬ ገፋ አደርጋቸዋለሁ፣ እየሳቁ መንዙማቸውን በአፍንጫቸው እያንጎራጎሩ፣ ምርኩዛቸው ድንጋዩ ላይ ጠቅ ጠቅ እያለ ይወርዳሉ።

አንድ ቅዳሜ አዲስ ፍሬን ገጥሜ ሄድኩ፣ የገዛ እጄ ሥራ ነው፣ ከጽዷ ወደ ደሴ የሚወርደውን ቁልቁለት ሳልቆም ልሞክረው ጓጉቻለሁ። ደግሞ ጦሳ ላይ ደመና ቆሟል፣ ከመሸ ከተማ መግባት ያስቀጣል፣ ብቻ ሰበብ አይጠፋም። ጽዷ ዘንድ ስንደርስ «ይመለሱ አባቴ» አልኳቸው፣ «ትንሽ ልራመድ» አሉኝ፣ እኔ ግን ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ሳልል ዘልዬ ኮርቻ ላይ ወጣሁና «ቅዳሜ እንገናኝ!» ብዬ ለቀቅሁት። ኩርባው ላይ ዞር ስል እየተከተሉኝ ነው፣ ምርኩዛቸውን ወደ ላይ አንስተዋል። መሰናበታቸው ነው ብዬ እኔም እጄን አወዛወዝኩላቸው። ፍሬኑ እንዴት ያለ ፍሬን ነበር መሰለህ!

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄድኩም። ቦሩ ሜዳ የሚጠገኑ ቢስክሌቶች አሉ ተብዬ ተላክሁ፣ ሦስት ቅዳሜ እዚያው አለፈኝ። በአራተኛው ስሄድ እማ ሀዋ ብቻቸውን ደጃፍ ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የለበሱት። ሳይነግሩኝ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ይመር ያን ቀን አልተመለሱም። እንግዳው አላዞረኝም ብለው ተከተሉኝ፣ መንገድ ላይ ዝናብ ያዛቸው፣ ደሴ መግቢያ ድረስ መጥተው ቢስክሌት ያለው ልጅ አላያችሁም ወይ እያሉ ጠየቁ፣ መሽቶ ስለነበር ከአንድ መስጊድ በረንዳ ላይ ከነእርጥብ ጋቢያቸው አደሩ። በማግስቱ ቤታቸው ሲገቡ ደረታቸውን ይዟቸዋል፣ በአራተኛው ቀን አረፉ።

«ተቀየሙኝ ወይ?» አልኩ።

«እሱ ይቀየማል? ይስቅ ነበር እንጂ» አሉ እማ ሀዋ። «ሳይመልሰኝ ሄደ እኮ ይህ ባለ ጎማ፣ እያለ ይስቃል፣ ሲስቅ ደግሞ ያስለዋል። አታልቅስ ልጄ፣ አብሽር። የአላህ ሥራ ነው።»

ቃላቸው እንደዚህ ነው፣ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በፍሬን ሥራ ተደስቼ አላውቅም።

ካለቀስን በኋላ እማ ሀዋ እጄን ያዙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከሞቱ ወዲህ በየቅዳሜው ፀሐይ ዘንበል ስትል ምርኩዛቸው ከበሩ ኋላ እንደሚጠፋ፣ ጠዋት ሄደው ሲፈልጉት ሐረጎ ጫፍ ጽዷ ሥር ወድቆ እንደሚያገኙት ነገሩኝ። ሦስት ቅዳሜ ሆኗል አሉ። ጎረቤት ወስዶት እንዳይሆን፣ ውሻ ጎትቶት እንዳይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው፣ እንደ ሕፃን አዩኝ።

«አላረፈም ልጄ። መንገድ ላይ ነው ያለው፣ ሳይዞር ስለቀረ። ዱዓም አስደረግሁ፣ እሱ ግን የሚጠብቀው አንተን ነው። አፈር ስሆንልህ፣ ዛሬ ስትሄድ መልስልኝ። ቤቱ ይግባ፣ እኔም ልረፍ።»

አላመንኩም፣ እውነቱን ልንገርህ። ግን ያን ፊት አይቶ እምቢ የሚል ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። «እሺ እናቴ፣ እመልሳቸዋለሁ» አልኩ፣ ለሳቸው መጽናኛ ይሆናል ብዬ ነው። ቅርጫቶቹን ጭኜ ስነሳ ምርኩዙ ከበሩ ኋላ ቆሞ ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት ሳይቀር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ቢሆን ነው።

ዳገቱን እኩሌታ ሳልደርስ ጉሙ ወረደ። የዚያን አገር ጉም ታውቀዋለህ፣ ሳታስበው ይመጣና የፊት ጎማህን ይሸፍንብሃል። መንገዱ ጭር ብሏል፣ አህያ ነጂ የለ፣ ወፍ የለ። እኔም እየገፋሁ ነው፣ ክብደቱ ደግሞ ከሌላው ቀን የባሰ መስሎኛል፣ ምናልባት አልቅሼ ደክሞኝ ይሆናል።

መጀመሪያ የሰማሁት ጠቅ የሚል ድምፅ ነው። ካቴናው ነው አልኩ፣ ጎንበስ ብዬ ነካሁት፣ ደህና ነው። መግፋት ስጀምር እንደገና ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከኋላዬ፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ፣ ብረት ድንጋይ ሲነካ። ስቆም ይቆማል። የገደል ማሚቶ ነው አልኩ። ቀጥሎ ያ በአፍንጫ የሚባለው መንዙማ መጣ፣ ግጥሙ አይሰማም፣ ዜማው ብቻ፣ ቅርብ ነው፣ ትንፋሹ ዳገት እንደያዘው ሰው መሐል መሐል ላይ ይቋረጣል። ወዳጄ፣ ጸጉሬ አልቆመም፣ ሰው ሲያወራ ጸጉሬ ቆመ ይላል፣ እኔን ግን መጀመሪያ የተሰማኝ ናፍቆት ነው። ፍርሃቱ የመጣው ቢስክሌቱ ሲቀለኝ ነው።

ቀለለኝ። ልክ በፊት እንደሚቀለኝ፣ ከኮርቻው በኩል፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይነጥቅ። ሁለቱ እጆቼ መሪው ላይ ናቸው፣ ግን የምገፋው እኔ አልነበርኩም፣ እየተከተልኩ ነበር። ዞር ብዬ አላየሁም። ለምን አላየህም ብትለኝ፣ ባየሁና ማንም ባይኖርስ? ወይም ቢኖሩስ? የቱ እንደሚብስ አላወቅሁም ነበር፣ አሁንም አላውቅም።

ጽዷ ጋ ደረስን። ደረስን ነው የምለው፣ ታዘበኝ። ቆምኩ፣ ጠቅታውም ቆመ።

«ይመለሱ አባቴ» አልኩ።

ምርኩዙ አንድ ጊዜ ጠቅ አለ፣ ወደ እኔ። ትንሽ ልራመድ ማለታቸው ነበር፣ መልሱን በልቤ ሰማሁት።

«ይመለሱ» አልኩ ሁለተኛ።

እንደገና ጠቅ፣ ቀረብ ብሎ። አሁን የእርጥብ ጋቢ ሽታ ይሸተኛል፣ ከወይን ጭማቂ ጋር የተቀላቀለ፣ ወይኑ ከቅርጫቱ ይሆናል፣ ጋቢው ግን ከየት እንደመጣ ንገረኝ።

ሦስተኛው ቀረ። ቢስክሌቱን ጽዷ ላይ አስደገፍኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ዞርኩና እጄን ወደ ጉሙ ዘረጋሁ። የሆነ ነገር ነካሁ። እርጥብ ነው፣ ጨርቅ ይመስላል፣ ከሥሩ ቀጭን አጥንት አለ። የጽድ ቅርንጫፍ ይሆናል ትለኝ ይሆናል፣ እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፣ ቅርንጫፍ ግን አይሞቅም። ወደ ቁልቁለቱ፣ ወደ ቤታቸው አዞርኩት፣ ዞረልኝ። ጎንበስ ብዬ ሳምኩ። «በቃ ይመለሱ አባቴ፣ እማ ሀዋ እየጠበቁዎት ነው» አልኩ።

ከዚያ ምርኩዙ መውረድ ጀመረ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ እየራቀ፣ ወደ ወይኑ፣ ወደ ጎጆው፣ ጉሙ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ ሰማሁት። አለቀስኩ፣ ግን የቀለለው ሰው ልቅሶ ነበር፣ ለእማ ሀዋ የገባሁትን ቃል ፈጸምኩ ብዬ።

ኮርቻ ላይ ወጥቼ ቁልቁለቱን ፍሬን ይዤ ወረድኩ። ከደሴ መግቢያ በፊት አንዲት አጭር ዳገት አለች፣ ከነጭነቱ አንድም ቀን ነድቼ ወጥቻት አላውቅም፣ ሁልጊዜ እወርድና እገፋለሁ። ያን ቀን ሳልወርድ ወጣኋት። ፔዳሉ ያለ እኔ የሚዞር እስኪመስለኝ ድረስ፣ ሁለት ቅርጫት ወይን ጭኜ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ ሳላለከልክ። ጠቅታ የለም፣ መንዙማ የለም። ኮርቻው ከኋላ ገፋ፣ ገፋ ይላል፣ ብቻ ይኸው ነው። ላቡ በጀርባዬ ቀዘቀዘ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማ ሀዋ ከደጃፍ ወጥተው ተቀበሉኝ፣ ሁለቱን ጉንጮቼን ሳሙኝ። ምርኩዙ ከበሩ ኋላ ንቅንቅ አላለም።

«ገባልኝ ልጄ፣ አልሃምዱሊላህ። ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ፣ ከሞተ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም ነበር።» ከዚያ እጄን እንደያዙ ዓይኔን አዩኝ፤ «ከልብህ ነው የመለስከው፣ አይደል?»

«አዎ እናቴ» አልኩ።

ዋሸሁ። ይህን ለሰው ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ያን ቀን ጽዷ ሥር እጄ ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ፣ ወዳጄ፣ ልገፋ ነበር የፈለግሁት፣ ለእማ ሀዋ ስል፣ ለእሳቸውም ስል። ጣቶቼ ግን ጨበጡ። ያ ሁሉ ዘመን ያለ አባት የኖረ እጅ ነው፣ ያገኘውን ይዞ አልለቅም አለ፤ አፌ ይመለሱ ይላል፣ እጄ ይቆዩ ይላል። እሳቸው ደግሞ የእጅን ነገር ያውቃሉ፤ ቤት የገባው ምርኩዙ ብቻ ነው።

እማ ሀዋ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ብዙ ኖረው አረፉ፣ እስከ መጨረሻው እየተመላለስኩ ጠየቅኋቸው። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ከባለቤታቸው ጎን ነው የተቀበሩት፣ ማለቴ፣ ከጎናቸው ነው ብለን ነው የቀበርናቸው።

ቢስክሌት መንዳት ከተውኩ ቆየሁ፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ የምሄደው በእግሬ ነው። ልጆቼ «አባባ ሜዳ ላይ ያነክሳል፣ ዳገት ላይ ይፈጥናል» እያሉ ይስቁብኛል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን ልበላቸው? ዳገቱ ሲጀምር ከወገቤ በላይ፣ ጀርባዬ ላይ፣ አንድ መዳፍ ያህል ቦታ ይሞቀኛል። ያኔ እቆማለሁ። «ይመለሱ አባቴ» እላለሁ፣ ደግሜም «ይመለሱ» እላለሁ፣ እማ ሀዋ ብቻቸውን መተኛታቸው ሆዴን ይበላኛል። ሦስተኛው ላይ ግን እጄን ወደ ኋላ መስደድ አልደፈርኩም። እጄን አላምነውም።